ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚስማማ ክላምፕ ሜትር አመራረጥና አጠቃቀም

1. መግቢያ

በዛሬው ጊዜ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የእህል ወፍጮ፣ የመስኖ ፓምፕ፣ የቡና መፈልፈያና የወተት ማቀዝቀዣ በኤሌክትሪክ ሞተር ይሠራሉ። ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ ማንም ልብ አይለውም። በተቃጠለ ዕለት ግን ጉዳቱ የአባላቱ ሁሉ ይሆናል። ሽንኩርት ራስ በሚቋጥርበት ወቅት ፓምፑ ለአሥር ቀን ቢቆም ምርቱ ይቀንሳል። ወፍጮው ቢቆም እናቶች እህል ተሸክመው ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ። ሞተሩን ወደ ከተማ ማጓጓዝ፣ ማስጠቅለልና ተራ መጠበቅም ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ሞተር አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አይቃጠልም። ከመቃጠሉ በፊት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ከሚገባው በላይ ኮረንት ሲስብ ይቆያል፤ ወይም ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ከሌሎቹ የበለጠ ሸክም ይይዛል። ይህ በዓይን አይታይም፤ በጆሮም ብዙ ጊዜ አይለይም። በመለኪያ ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው መሣሪያ ክላምፕ ሜትር ይባላል።

ይህ ጽሑፍ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የማኅበራት የሥራ አመራር አባላት ክላምፕ ሜትር ሲገዙ ምን መመልከት እንዳለባቸው፣ ከገዙ በኋላም ሞተራቸውን ከጉዳት ለመጠበቅ እንዴት ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ዋናው ምክራችን አጭር ነው። መለኪያው የሚመረጠው በሚለካው ሞተር ልክ እንጂ በትልቅነቱ ወይም በዋጋው አይደለም። ተገዝቶም የሚያሳየው ቁጥር በመዝገብ ካልሰፈረ እምብዛም አይጠቅምም።

2. ክላምፕ ሜትር ምንድን ነው?

ክላምፕ ሜትር እንደ ጉጠት የሚከፈትና የሚዘጋ መንጋጋ ያለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ሽቦው ሳይቆረጥና ሳይፈታ በመንጋጋው መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል። በሽቦው ውስጥ ኮረንት ሲያልፍ በዙሪያው ማግኔታዊ ኃይል ይፈጠራል። መለኪያው ይህን ኃይል ተቀብሎ የኮረንቱን መጠን በአምፔር ያሳያል።

በተራው መልቲሜትር አምፔር ለመለካት ሽቦውን ፈትቶ መለኪያውን በመካከሉ ማስገባት ያስፈልጋል። ይህ ለወፍጮና ለፓምፕ ሞተር የማይመችና አደገኛ ነው። የመለኪያው ገመዶች በአምፔር ቀዳዳ ላይ እንደተሰኩ በስሕተት ቮልቴጅ ቢለካባቸው መለኪያው በእጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ለዚህ ነው ለማኅበር ከመልቲሜትር ይልቅ የቮልቴጅ መለኪያ ገመድም ያለው ክላምፕ ሜትር እንዲገዛ የምንመክረው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት። መንጋጋው ማቀፍ ያለበት አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ሄዶ የሚመለሰው ኮረንት በአንድ ገመድ ውስጥ ባሉ ሁለት ሽቦዎች ሲያልፍ፣ ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ላይ ከታቀፉ አንዱ የሌላውን ኃይል ስለሚያጠፋ መለኪያው ዜሮ ያሳያል። ብዙ ሰዎች መለኪያው ተበላሽቷል ብለው የሚመልሱት በዚህ ምክንያት ነው።

3. ከመግዛት በፊት የሞተሩን ሰሌዳ ማንበብ

ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት በሞተሩ ጎን ላይ የተለጠፈውን የብረት ሰሌዳ ማንበብና በወረቀት መገልበጥ ያስፈልጋል። ከሰሌዳው ላይ የሚወሰዱት ጉልበቱ በኪሎ ዋት ወይም በፈረስ ጉልበት፣ ቮልቴጁ፣ የፌዙ ብዛትና በሙሉ ሥራ ጊዜ የሚስበው አምፔር ናቸው። በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር በነጠላ ፌዝ 220 ቮልት፣ በሦስት ፌዝ በፌዞች መካከል 380 ቮልት ነው።

ሰሌዳው የተፋቀ እንደሆነ በ380 ቮልት ለሚሠራ ባለሦስት ፌዝ ሞተር ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት 2 አምፔር ገደማ ብሎ መገመት ይቻላል። በዚህ መሠረት፦

4 ኪሎ ዋት ሞተር፦ ከ8 እስከ 9 አምፔር
7.5 ኪሎ ዋት (10 የፈረስ ጉልበት)፦ ከ15 እስከ 16 አምፔር
11 ኪሎ ዋት (15 የፈረስ ጉልበት)፦ ከ22 እስከ 23 አምፔር
15 ኪሎ ዋት (20 የፈረስ ጉልበት)፦ ከ29 እስከ 31 አምፔር
22 ኪሎ ዋት (30 የፈረስ ጉልበት)፦ ከ42 እስከ 44 አምፔር

ይህ ግምት መለኪያ ለመምረጥ ይበቃል። ሞተሩ ደኅና መሆኑን ለመወሰን ግን የራሱ ሰሌዳ ካለ ሁልጊዜ መታመን ያለበት ሰሌዳው ነው።

4. ሲመረጥ መታየት ያለባቸው ነጥቦች

ሀ. የኮረንቱ ዓይነት

ከመብራት ኃይል መስመር የሚመጣው ተለዋዋጭ ኮረንት ሲሆን በመለኪያው ላይ ምልክቱ ሞገድ የሚመስል መስመር ነው። ከፀሐይ ሰሌዳና ከባትሪ የሚመጣው ቀጥተኛ ኮረንት ሲሆን ምልክቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ ሦስት ቁራጭ መስመሮች ናቸው። በርካሽ ከሚሸጡት ክላምፕ ሜትሮች ብዙዎቹ በመንጋጋቸው የሚለኩት ተለዋዋጩን ብቻ ነው። በገመዳቸው ቀጥተኛ ቮልቴጅ መለካታቸው ቀጥተኛ አምፔር ይለካሉ ማለት አይደለም። በሽያጭ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ይህ ነው።

ማኅበሩ በመስመር የሚሠራ ወፍጮ ወይም ፓምፕ ብቻ ካለው የተለዋዋጭ ኮረንት መለኪያ ይበቃዋል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ካለው ወይም ሊገዛ ካሰበ ግን ሁለቱንም ዓይነት በመንጋጋው የሚለካ መግዛት አለበት።

ለ. የመለኪያው ስፋትና ንባቡ

ብዙ ገዢዎች ‹‹1000 አምፔር›› የተጻፈበትን መለኪያ ‹‹400 አምፔር›› ከተጻፈበት የተሻለ አድርገው ያያሉ። ለእኛ ሥራ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን በምሳሌ እናሳይ።

በመለኪያው መመሪያ ላይ ትክክለኛነቱ ብዙ ጊዜ ‹‹ከንባቡ 2 በመቶ ሲደመር 5 አሐዝ›› በሚመስል አነጋገር ይጻፋል። ‹‹አሐዝ›› ማለት መለኪያው ሊያሳየው የሚችለው የመጨረሻው ትንሽ ቁጥር ነው። የሞተራችን ኮረንት 15.4 አምፔር ነው እንበል።

መለኪያው እስከ 0.1 አምፔር የሚያሳይ ከሆነ፣ 2 በመቶው 0.3 አምፔር፣ 5 አሐዙ 0.5 አምፔር ነው። ስሕተቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከ0.8 አምፔር አይበልጥም።

መለኪያው በ1 አምፔር ብቻ የሚቆጥር ከሆነ፣ 2 በመቶው ያው 0.3 አምፔር ሲሆን 5 አሐዙ 5 አምፔር ይሆናል። ስሕተቱ 5.3 አምፔር ሊደርስ ይችላል።

በሁለተኛው መለኪያ 15 አምፔር የሚስብ ሞተር 10 ወይም 20 አምፔር የሚስብ መስሎ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ያለው መለኪያ ለትልቅ ፋብሪካ ቢያገለግልም ለቀበሌ ወፍጮ አይሆንም። ስለዚህ ከ5 እስከ 22 ኪሎ ዋት ሞተር ላለው ማኅበር ዝቅተኛው የመለኪያ ክልሉ 40 ወይም 60 አምፔር፣ ከፍተኛው 400 ወይም 600 አምፔር የሆነና ቢያንስ እስከ 0.1 አምፔር የሚያሳይ መለኪያ እንመክራለን።

ከፍተኛው ክልል የሚያስፈልገው ለመነሻ ኮረንት ነው። በቀጥታ የሚነሣ ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ከሙሉ ኮረንቱ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል። 30 አምፔር የሚስብ ሞተር ሲነሣ 180 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል።

ሐ. የተዛባ ሞገድ የመለካት ችሎታ

በአንዳንድ መለኪያዎች ላይ ‹‹ትሩ አር.ኤም.ኤስ.›› የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ የኮረንቱ ሞገድ የተዛባ ቢሆንም መለኪያው እውነተኛውን መጠን ያሳያል ማለት ነው። ይህ ችሎታ የሌለው መለኪያ ሞገዱ የተስተካከለ ሲሆን በትክክል ያነባል፤ ሞገዱ ሲዛባ ግን አሳንሶ ያነባል፤ ጉድለቱ እስከ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ከመስመር በቀጥታ ወይም በተራ ማስነሻ የሚሠራ ሞተር ብቻ ላለው ማኅበር ተራው መለኪያ ብዙም አይጎድለውም። በፍጥነት መቆጣጠሪያ ወይም በፀሐይ ኢንቨርተር የሚሠራ ፓምፕ፣ የባትሪ መሙያ ወይም ብዙ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ላለበት ግን ‹‹ትሩ አር.ኤም.ኤስ.›› ያለው ያስፈልጋል። የዋጋው ልዩነት ብዙ ካልሆነ ለወደፊቱ በማሰብ ይህኛውን መግዛት ይሻላል።

መ. የአደጋ መከላከያ ደረጃ

ይህ ነጥብ በዋጋ የማይለወጥ ነው። በኤሌክትሪክ መስመር ላይ መብረቅ ሲወድቅ ወይም ትልቅ ሞተር ሲጠፋ ለቅጽበት በጣም ከፍተኛ ቮልቴጅ ይነሣል። ደካማ መለኪያ ያን ጊዜ ውስጡ ብልጭታ ተነሥቶ ሊፈነዳና የያዘውን ሰው ሊያቃጥል ይችላል። ለዚህ ሲባል ዓለም አቀፉ የአይ.ኢ.ሲ. 61010 ደንብ መለኪያዎችን በሚሠራባቸው ቦታዎች ደረጃ ያወጣላቸዋል። ደረጃው በመለኪያው ፊት ‹‹ካት›› በሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላትና በሮማውያን ቁጥር ይጻፋል።

ካት 2፦ በሶኬት ለሚሰኩ ዕቃዎች።
ካት 3፦ በግድግዳ ላይ ለተተከሉ ማከፋፈያ ሳጥኖች፣ ብሬከሮችና ለሞተር መስመሮች።
ካት 4፦ ለቆጣሪና ከምሰሶ ለሚገባው ዋና መስመር።

ለወፍጮና ለፓምፕ ሥራ ከካት 3፣ 600 ቮልት በታች የሆነ መለኪያ ፈጽሞ መገዛት የለበትም። የሮማውያን ቁጥር 3 ሦስት ቋሚ ሰረዞች ስለሆነ ለመለየት አያስቸግርም። የመለኪያው ገመዶችም በራሳቸው ላይ ያው ደረጃ ሊጻፍባቸው ይገባል። ደረጃ በሌለው ገመድ ላይ ጥሩ መለኪያ መሰካት ትርጉም የለውም።

ሠ. የቦታው ከፍታ

ይህ በአገራችን በተለይ መታሰብ ያለበት ነው። አየር ሲሳሳ ብልጭታን የመከላከል ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ የብዙ መለኪያዎች ደረጃ የሚጸናው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ ነው፤ ይህም በመመሪያቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ከዚህ በታች ናቸው። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ግን ከዚህ በላይ ናቸው፤ ብዙ የደጋ ወረዳዎችም እንዲሁ። በደጋ ለሚሠሩ ማኅበራት ካት 3፣ 1000 ቮልት እና ካት 4፣ 600 ቮልት ተብሎ የተጻፈበትን ወይም በመመሪያው ከ2000 ሜትር በላይ ይሠራል የሚለውን እንመክራለን። እንዲህ ሲደረግ ከፍታው የሚቀንሰውን የሚተካ ትርፍ ይኖራል።

ረ. የመንጋጋው መጠን

መንጋጋው ሰፊ ሲሆን ወፍራም ሽቦ ያቅፋል፤ ነገር ግን በጠባብ የማስነሻ ሳጥን ውስጥ አይገባም። እስከ 22 ኪሎ ዋት ለሚደርስ ሞተር 30 ሚሊ ሜትር የሚከፈት ቀጭን መንጋጋ ይበቃል። የሚቻል ከሆነ የሳጥኑን ውስጥ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ወደ ሱቅ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው።

ሰ. ተጨማሪ ነገሮች

ንባቡን አስሮ የሚያቆይ ቁልፍ በጨለማ ሳጥን ውስጥ በጣም ይጠቅማል። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ንባብ የሚይዝና የመነሻ ኮረንትን የሚይዝ ቁልፍም ጠቃሚ ናቸው። የባትሪ ድንጋዩ በቅርብ ገበያ የሚገኝ ዓይነት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሙቀት መለኪያና ሌላ ሌላው ግን ለሥራው አስፈላጊ ስላልሆነ ለእርሱ ተብሎ ገንዘብ መጨመር አይገባም።

5. በሱቅ የሚደረግ ሙከራ

መለኪያ ሳይሞከር መገዛት የለበትም። ለሙከራው አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አጭር ማራዘሚያ ገመድ እንዲያዘጋጅ ይደረጋል። የውጭው ሽፋን ብቻ ተገፎ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች የየራሳቸው ሽፋን ሳይነካ ይለያያሉ። ከዚያም በማራዘሚያው ላይ የውኃ ማፍያ ወይም የእንጀራ ምጣድ ይሰካል። እነዚህ ኮረንታቸው በቀላሉ ስለሚሰላ ለሙከራ ይመቻሉ። ዋቱ ለቮልቴጁ ሲካፈል አምፔሩ ይገኛል። ለምሳሌ 2000 ዋት ማፍያ በ220 ቮልት 9.1 አምፔር፣ 3500 ዋት ምጣድ 15.9 አምፔር መሳብ አለበት።

በመጀመሪያ በዚያው መለኪያ የመስመሩ ቮልቴጅ ይለካ። መስመሩ 200 ቮልት ብቻ ከሆነ የማፍያው ኮረንትም በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ወደ 8.3 አምፔር ይሆናል። ቀጥሎ አንዱ ሽቦ ብቻ ታቅፎ ይለካ፤ ከዚያም መንጋጋው ተከፍቶ እንደገና ይዘጋና ይለካ። ሁለቱ ንባቦች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። በእያንዳንዱ መዝጊያ የተለያየ ቁጥር የሚሰጥ መለኪያ መንጋጋው በትክክል አይገጥምም ማለት ነው። ከተቻለ ሁለት መለኪያዎች በአንድ ሽቦ ላይ ይነጻጸሩ።

6. አለካክ

የማስነሻ ሳጥን ውስጥ ኤሌክትሪክ እያለ መክፈት የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ባለሙያውን ጠርቶ ሲለካ መከታተልና ቁጥሩን መመዝገብ እንጂ ሳይሠለጥን ራሱ እጁን ማስገባት የለበትም። ባለሙያው ሲለካ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠበቅ።

1ኛ. እጅና ጫማ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ አይለካ። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቁ።

2ኛ. አምፔር በሚለካበት ጊዜ የቮልቴጅ ገመዶቹ ከመለኪያው ይነቀሉ።

3ኛ. መምረጫው በትክክለኛው የኮረንት ዓይነት ላይ ይደረግ። ቀጥተኛ ኮረንት ከሆነ ሽቦው ከመታቀፉ በፊት የዜሮ ቁልፉ ይጫን።

4ኛ. ሞተሩ ተነሥቶ ሥራውን ይጀምር። ወፍጮ እህል እየፈጨ፣ ፓምፕ ውኃ እየገፋ ካልተለካ ንባቡ ስለ ሸክሙ ምንም አይነግረንም።

5ኛ. ሽቦው በመንጋጋው መካከል ይሁን፤ መንጋጋው ሙሉ በሙሉ ይዘጋ። ጥቂት ክፍተት እንኳ ንባቡን ዝቅ ያደርጋል።

6ኛ. ሦስቱም ፌዞች አንድ በአንድ በተከታታይ ይለኩ። ቀጥሎም በፌዞች መካከል ያለው ቮልቴጅ ይለካ።

ስታር ዴልታ ማስነሻ ባለው ሞተር ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከማስነሻው ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ስድስት ሽቦዎች ናቸው። ሞተሩ በዴልታ ሲሠራ በእያንዳንዳቸው የሚያልፈው ከመስመሩ ኮረንት 58 በመቶ ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ ካለው ቁጥር ጋር የሚነጻጸረው ወደ ማስነሻው በሚገቡት በሦስቱ ሽቦዎች ላይ የተለካው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ከመጠን በላይ የተጫነውን ሞተር ‹‹ገና ግማሽ ነው የሚስበው›› ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

7. ንባቡ ምን ይነግረናል?

ሀ. ሦስቱም ፌዞች ከሰሌዳው ቁጥር በላይ ሲሆኑ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። በወፍጮ ላይ ምክንያቱ ድንጋዮቹ ከመጠን በላይ መጠጋታቸው፣ ድንጋዩ ሳይወቀር መቆየቱ፣ እርጥብ እህል ወይም እህሉ በብዛት መውረዱ ሊሆን ይችላል። በማንኛውም ሞተር ላይ ደግሞ የኩሽኔታ መበላሸት፣ የቺንጋ ከልክ በላይ መወጠር ወይም የመስመሩ ቮልቴጅ መውደቅ ሊሆን ይችላል።

ለ. ሦስቱም ፌዞች ከተለመደው ዝቅ ሲሉ ሥራው ቀንሷል ማለት ነው። በተለመደው ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ላይ ይህ የመምጠጫው ወንፊት መደፈኑን፣ ቱቦው አየር መሳቡን ወይም ውኃው መሸሹን ያመለክታል። በወፍጮ ላይ ቺንጋው እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል።

ሐ. ፌዞቹ ሲለያዩ ልዩነቱ ይሰላ። የሦስቱ አማካይ ይወሰዳል፤ ከአማካዩ በጣም የራቀው ፌዝ ልዩነት ለአማካዩ ተካፍሎ በመቶ ይባዛል። ለምሳሌ በሰሌዳው 15.4 አምፔር በሆነ ሞተር ላይ 14.0፣ 15.0 እና 17.5 አምፔር ተገኘ እንበል። አማካዩ 15.5 ስለሆነ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ሦስተኛው ፌዝ ከአማካዩ በ2.0 አምፔር ርቋል፤ ይህም 12.9 በመቶ ነው። ከሰሌዳው ቁጥር ደግሞ በ13.6 በመቶ በልጧል። ሞተሩ የሚቃጠለው በአማካዩ ሳይሆን በዚያ በአንዱ ፌዝ ነው። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ሲበልጥ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሥራ መቀጠል የለበትም።

ምክንያቱ ከመስመሩ ወይም ከሞተሩ መሆኑን ለመለየት በመጀመሪያ ቮልቴጁ ይታይ። የቮልቴጅ ልዩነት ትንሽ መስሎ ቢታይም በኮረንቱ ላይ ከ6 እስከ 10 እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ለምሳሌ 380፣ 385 እና 372 ቮልት ቢገኝ ልዩነቱ 1.8 በመቶ ብቻ ነው፤ የኮረንቱ ልዩነት ግን ከ11 እስከ 18 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ቀጥሎ ባለሙያው መስመሩን አጥፍቶ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሦስት ሽቦዎች በአንድ አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ ያዛውራቸው። ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ ከተዛወሩ የሞተሩ አዟዟር አይለወጥም። እንደገና ሲለካ ከፍተኛው ኮረንት በዚያው በመስመሩ ፌዝ ላይ ከቀረ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት ይገባል። ከሞተሩ ሽቦ ጋር አብሮ ከተዛወረ ችግሩ ከሞተሩ ወይም ወደ እርሱ ከሚሄደው ገመድ ነው።

መ. አንዱ ፌዝ ዜሮ ሲያሳይ ሞተሩ በሁለት ፌዝ እየሠራ ነው። ያን ጊዜ የቀሩት ሁለቱ ወደ 1.73 እጥፍ ያህል ከፍ ይላሉ፤ 15 አምፔር የነበረው ወደ 26 አምፔር ይደርሳል። ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ መጥፎ ልማድ ማንሣት ይገባናል። የሞተር መከላከያው ኦቨርሎድ ደጋግሞ ሲያጠፋ አንዳንድ ሠራተኞች ቁጥሩን ከፍ በማድረግ ‹‹ያስተካክሉታል››። ኦቨርሎድ የሚያጠፋው ሞተሩን ለማዳን ነው። የሞተር ጥቅል ሽቦ ሙቀት ከተፈቀደው በላይ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የሽፋኑ ዕድሜ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ኦቨርሎድ ሲያጠፋ ቁጥሩን መንካት ሳይሆን ሦስቱን ፌዞች መለካት ነው የሚገባው።

8. መዝገብ

አንድ ንባብ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከባለፈው ጋር ሲነጻጸር ግን የሞተሩን ጤንነት ያሳያል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ይከፈት። በመጀመሪያው ገጽ የሰሌዳው ጽሑፍ በሙሉ ይገልበጥ። ቀጥሎ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሦስቱ ፌዞች አምፔር፣ ቮልቴጁ፣ በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው ሥራና የለካው ሰው ስም የሚጻፍባቸው ዓምዶች ይሰመሩ። ‹‹ደረቅ በቆሎ በመፍጨት ላይ›› ወይም ‹‹ውኃ ወደ ላይኛው ማከማቻ በመግፋት ላይ›› ተብሎ ሥራው ካልተጻፈ የዛሬውን ከባለፈው ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

በወር አንድ ጊዜ፣ በመስኖ ወቅት ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ መለካት በቂ ነው። ሞተሩ አዲስ በተተከለ ወይም ተጠቅልሎ በተመለሰ ዕለት የሚወሰደው ንባብ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ወደፊት የሚመጣው ሁሉ የሚመዘነው በእርሱ ነውና። ደብተሩ በወፍጮ ቤቱ ይቀመጥ፤ የቁጥጥር ኮሚቴውም እንደ ሒሳብ ደብተር በየጊዜው ይመልከተው።

9. ጥንቃቄና አያያዝ

መለኪያው ዜሮ አምፔር ማሳየቱ ሽቦው ኤሌክትሪክ የለውም ማለት አይደለም። ሞተሩ ቆሞም ሽቦው 220 ወይም 380 ቮልት ሊይዝ ይችላል። ሽቦ ከመነካቱ በፊት ዋናው ማጥፊያ ይጥፋ፣ ይቆለፍ፤ ቀጥሎም ቮልቴጅ አለመኖሩ በገመዶቹ ይለካ። መለኪያው ራሱ መሥራቱም ከዚህ በፊትና በኋላ ኤሌክትሪክ ባለበት ቦታ ይረጋገጥ።

በፀሐይ ፓምፕ መስመር ላይ ፓምፑ እየሠራ ማያያዣ መንቀል ክልክል ነው። የቀጥተኛ ኮረንት ብልጭታ በቀላሉ አይጠፋም። የፀሐይ ሰሌዳዎቹ በተከታታይ ሲያያዙ ቮልቴጃቸው በመለኪያው ላይ ከተጻፈው ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድሞ ይጣራ።

በወፍጮ ቤት ዱቄት በመንጋጋው መጋጠሚያ ላይ ይቀመጣል። ከመለካት በፊት በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። መለኪያው ለረጅም ጊዜ የማይሠራ ከሆነ የባትሪ ድንጋዩ ይውጣ። ሽፋኑ የተሰነጠቀ መለኪያ ወይም የተላጠ ገመድ በፕላስተር ተጠቅልሎ መሥራት የለበትም፤ ይወገድ። መለኪያው በአንድ ኃላፊ እጅ በፊርማ ይያዝ።

10. ማጠቃለያ

ለአንድ ማኅበር የሚያስፈልገው ክላምፕ ሜትር የሚከተሉትን ያሟላ ነው፦ ለሞተሩ የሚስማማ የኮረንት ዓይነት የሚለካ፣ ዝቅተኛ ክልሉ 40 ወይም 60 አምፔር ሆኖ እስከ 0.1 አምፔር የሚያሳይ፣ ቢያንስ ካት 3፣ 600 ቮልት የሆነ፣ በደጋ ከሆነም ከዚህ ከፍ ያለ፣ በማስነሻ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ መንጋጋ ያለው። ኢንቨርተር ካለ ‹‹ትሩ አር.ኤም.ኤስ.›› ይጨመርበታል። ከዚህ በላይ ያለው ጌጥ ነው።

ጥቂት ማኅበራት በዩኒየናቸው አማካይነት አንድ መለኪያ በጋራ ገዝተው አንድ የሠለጠነ ባለሙያ እየተዘዋወረ እንዲለካ ቢያደርጉ ወጪው ይቀንሳል፤ ሥራውም በሚችለው ሰው እጅ ይሆናል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ላይ የሞተሩ ሰሌዳ ተገልብጦ እንዲቀርብና ደብተሩ እንዲከፈት ቢያደርጉ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ሞተሩን ለማስጠቅለል የሚወጣው ገንዘብና በሥራ ፈትነት የሚያልፈው ጊዜ ሲታሰብ፣ በወር አንድ ጊዜ ሦስት ቁጥር መጻፍ ከባድ ሥራ አይደለም።